ሃያ ሦስት ኪሎ

«ጥርሱን አይተሽዋል ግን?» አለች አዲሳለም። «እሱን እዚያ ወንበር ላይ ባስቀምጠው፣ ልብስ ገዢ ሳይሆን የጥርስ ሐኪም ነው ተሰልፎ የሚመጣው።»

ፈለቀ ሳሙናውን በእጁ እንደያዘ፣ ከግቢው ቧንቧ ሥር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የወንድሙ ሚስት ያለችበትን ኩሽናና ቧንቧውን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም ከሥሩ ዝገት በልቶት ድመት ያሳልፋል። አዲሳለም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሽንኩርት ትከትፋለች። በወዲያ በኩል ያለችው ጉዞውን የምታስተባብረው ሩቲ ናት። ፈለቀ ድምፅዋን ለየው፤ ነሐሴ ላይ መጥታ እጁን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። እጁን ብቻ።

«ደብዳቤው ላይ እኮ ሸማኔ ይዛችሁ ኑ ነው ያሉት» አለች ሩቲ።

«ልጄ አይዳ ምን አነሳት? ሁለት ወር ሙሉ አስተምሯታል፣ ያውም ራሱ! ሴት ሸማኔ፣ ወጣት፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ። ፈረንጆቹ ያብዱላታል።»

«ቪዛውንስ ምን አላችሁት?»

«ተከለከለ አልነዋ። ፓስፖርቱ ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ቢላዋዋ ሽንኩርቱን መክተፏን አላቋረጠችም።

ፈለቀ ቧንቧውን ዘጋ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳሙና ከእንጦጦ በሚወርደው የጥቅምት ንፋስ ደርቆ ቆዳውን ይስበው ጀመር። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጥርሱ በርግጥ አያምርም፤ ከፊት ሁለቱ የሉም፣ የቀሩት ቢጫ ናቸው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ በሽሮ ሜዳ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አንጠልጥሎ ሲሠራ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ ነው እንዲህ የሆኑት። በዚያ ክር ታናሽ ወንድሙን ሙሉቀንን ከጨንቻ አምጥቶ አስተማረ፣ ሱቅ አስከፈተ፣ ዳረ። አሁን ሙሉቀን ሁለት ሱቅ አለው፣ ፈለቀ ደግሞ በሙሉቀን ግቢ ጥግ ከሽመናው ጋር አንድ ክፍል። ይህን እንደ በደል ቆጥሮት አያውቅም ነበር። ሥራ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይሸጣል ብሎ ያስብ ነበር። ሞኝ ነበር እንጂ ሌላ ምን ይባላል? የሚሸጠው ሰው አንድ ቀን የሚሠራውንም እንደሚሸጥ ማወቅ ነበረበት።

ደብዳቤው የመጣው ሰኔ ላይ ነው። ኢስታንቡል በሚባል ትልቅ ከተማ የመጸው የእጅ ሥራ ትርኢት አለ፤ አንድ ነጋዴና አንድ ሸማኔ፤ ሸማኔው በሰው ፊት እየሠራ ያሳያል። ያን ቀን ሁሉም እኩል ደስ ብሏቸው ነበር። ፈለቀ ፓስፖርት ለማውጣት ሦስት ቀን ተሰለፈ። ከሰልባጅ ተራ ጥቁር ካፖርት ገዛ፣ የሱፍ ካልሲ ገዛ። ከየትም ፈልጎ አንድ የከተማዋን ፎቶ ቆርጦ ከአልጋው በላይ ለጠፈ፤ ባሕር፣ ድልድይ፣ መርከብ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሲያልፍ «ኢስታንቡል! ኢስታንቡል!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። አዲሳለም ደግሞ «ጋሼ ፈለቀ፣ እርስዎ እዚያ ሲሠሩ ይቺ ልጅ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ ነገሩ እንዲገባት ትንሽ ያሳዩዋት» አለችው። አሳያት። አይዳ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሕፃን ሳለች እሱ እየሠራ ጭኑ ላይ ነበር የምትተኛው። መወርወሪያውን እንዴት እንደምትይዝ፣ መርገጫውን መቼ እንደምትረግጥ፣ ማጉን እንዴት እንደምትመታ አሳያት። ቶሎ ገባት። ከሦስት ሳምንት በፊት ቪዛው ተከለከለ ሲሉት ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ፤ በማግስቱም ተነስቶ አስተማራት። ለቦታው ተተኪ እያዘጋጀ መሆኑን ያኔ አላወቀም።

ወደ ሳሎን ሲገባ ሙሉቀን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ያያል። ወለሉ ላይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አፋቸውን ከፍተዋል። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ባለ ጥለት ሻርፕ በየዓይነቱ ተከምሯል፤ እያንዳንዱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ፈለቀ አንዱን ነጠላ አነሳ። ሁለት ቀን የፈጀበት ነው፤ እጅ ሥራው ዘጠኝ መቶ ብር ነበር። ወረቀቱ ላይ ዘጠና ይላል፤ ጎኑ ላይ ያለው ምልክት ግን የብር አልነበረም።

«ቁርስ በልተዋል ጋሼ?» አለች አዲሳለም ከኩሽና ብቅ ብላ፤ ድምፅዋ ማር ነው። «ሻይ አለልዎት። ዛሬ እርስዎን ነው የማደክመው፤ ከእርስዎ በቀር ማን ያግዘኛል? እስቲ የሻንጣ ሚዛኗን ከመኝታ ቤት መሳቢያ ያምጡልኝ፣ ከላይኛው።»

ከላይኛው መሳቢያ ሚዛን አልነበረም። ሁለተኛውን ሳበ። ሚዛኗ እዚያ ነበረች፤ ከሥሯ ፓስፖርቱ። ያልተሞላ የቪዛ ቅጽ በልብስ መቆንጠጫ ተያይዞበታል፤ ቅጹ ላይ የተጻፈ ነገር ቢኖር በእርሳስ «ፈለቀ» የሚል ብቻ፣ እሱም በግማሽ ተሰርዟል። ከጎኑ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ባነር አለ። ጫፉን ገለጥ አደረገው። አይዳ በጥበብ ቀሚስ፣ በእሱ ሽመና ፊት ተቀምጣለች፤ ከሥሯ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አለ፦ «ሸማኔዋ አይዳ ሙሉቀን፤ ከአባቶቿ የወረሰችው እጅ»። እጁ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ ለብቻው ተቆርጦ አለ፤ ነሐሴ ላይ የተነሳው። የራሱን አውራ ጣት ጠባሳ አየ። እጁ ቪዛ አግኝቷል።

ፓስፖርቱን ኪሱ ከተተ፣ ሚዛኗን ይዞ ወጣ።

ወደ ሳሎን ሲመለስ አንድ ዕድል ሊሰጣቸው ወሰነ፤ አንድ ብቻ። ለወንድሙ። ጎኑ ተቀመጠ። «ሙሉቀን» አለው፣ «ፓስፖርቴ የት ነው ያለው?»

ሙሉቀን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። «እ... ማለቴ፣ ኤምባሲ መሰለኝ። እስካሁን አልመለሱትም። ሲከለክሉ ትንሽ ያቆዩታል አሉ።»

«ያቆዩታል አሉ?»

«አዎ። በቃ ሰሞኑን እሄድና አመጣልሃለሁ ጋሼ።»

ፈለቀ ኪሱ ውስጥ የፓስፖርቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ የሁለት ሱቅ ባለቤት፣ በቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ለታላቅ ወንድሙ እንዲህ እንደ ቀልድ ይዋሻል። ተነሳ። ክፍሉ ገብቶ ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደና በላስቲክ ይዞት ወጣ።

አዲሱ ገበያ ዳር ካፖርቱን የሸጠለትን ሰልባጅ ነጋዴ ደቻሳን፣ ከልብሱ ክምር በላይ ሰገነት ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ አገኘው። ካፖርቱን ሲያይ እጁን አጨበጨበ። «ኢስታንቡል! ሄደህ መጣህ እንዴ? ፈጠንክ በናትህ! አውሮፕላን ነው ወይስ ባጃጅ?»

«ገንዘቤን መልስልኝ» አለ ፈለቀ።

«ምኑን ነው የምመልስልህ? እኔ ባንክ ነኝ?»

«አልሄድም። ልልበሰው የምልበት ቦታ የለኝም።»

ደቻሳ ቀልዱን አቆመ። ሰው ልብስ ሊመልስ ሲመጣ ፊቱን ማንበብ ሥራው ነው። ካፖርቱን ተቀብሎ ከላስቲኩ አወጣ፣ ገልብጦ ሽፋኑን አየ፣ አራገፈው፣ መልሶ ፈለቀ ትከሻ ላይ ጣለው። «ስማ» አለ፣ «እኔ ጋ የመጣ ልብስ ሁሉ የሞተ ሰው ነው፤ ወይ የሞተ ወይ የወፈረ። ይሄ ግን ልክህ ነው። እነሱ ስላላሳፈሩህ ጉለሌ ብርድ የለም ያለህ ማነው? ይልቅ ልበሰውና ሂድ። ለማን ብለህ ነው የምታወልቀው?»

ፈለቀ ለብሶት፣ ፓስፖርቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተመለሰ። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሩ ነው የሄደው፤ ታክሲው ጥሎት ሲያልፍ ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮህበታል። አንድ ሰው። ሁልጊዜ የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ ሁልጊዜም የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ዳገቱን ሲወጣ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለውን ነጠላ እያየ ይሄድ ነበር፤ የየትኛው ሸማኔ እጅ እንደሆነ ከጥለቱ ያውቃል፤ የአንዱም ስም ግን የትም አልተጻፈም። የሱቁ ስም ተጽፏል። የስልኩ ቁጥር ተጽፏል። ባለሱቁ ከሚኒስትር ጋር የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። ይህን ሁሉ ዕድሜውን በሙሉ ያየው ነው፤ የተናደደው ግን ዛሬ ነው፤ በመዘግየቱም በራሱ ተናደደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጸሎት ሰዎች መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ጌቱ፣ ሚስቱ ደሳለችና ሌሎች ሁለት ሴቶች። ሻንጣዎቹን ከበው ቆሙ። ወንድም ጌቱ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋና በወፍራም ድምፁ ጀመረ፦ «ጌታ ሆይ፣ በእህታችን በአይዳ እጅ ላይ ያስቀመጥከውን ጸጋ አሕዛብ ይዩት። ይህ ቤት በቅንነት የሠራውን ሥራ...» አዲሳለም ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ሙሉቀን «አሜን፣ አሜን» ይላል። ፈለቀ ካፖርቱን እንደለበሰ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ‹በቅንነት› የሚለው ቃል እንደ ዝንብ ፊቱ ላይ አረፈ።

«ወንድም ፈለቀ» አለ ወንድም ጌቱ ሲጨርስ፣ «አንተ የቤቱ ታላቅ ነህ። እጅህን ጭነህ ባርካት እንጂ።»

አይዳ ሮጣ መጥታ ከፊቱ ተንበረከከች፤ ሳቋን እየታገለች። ፈለቀ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። ምን ልበል ብሎ አሰበ። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው፣ አዲሳለምን አያት። «ጌታ የእጅሽን ይስጥሽ» አለ በመጨረሻ።

ደሳለች ቀድማ «አሜን» አለች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ነገር ግን አዲሳለም ዕንባዋን መጥረግ አቁማ አየችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሽመናውን ማሸግ ብቻ ቀረ። አውሮፕላኑ ሌሊት ነው፤ ታክሲው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ምሰሶዎቹን አዘጋጆቹ እዚያ ያሠራሉ። «ጉድጓዱንማ በሻንጣ አንወስደው!» ብላ ነበር አዲሳለም በጠዋቱ። የሚሄደው ሌላው ነው፤ መወርወሪያው፣ መርገጫው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው መምቻና ድሩ የሚሾልክባቸው የክር ቀለበቶች። ፈለቀ ለዚህ ቀን ብሎ ለስምንት ነጠላ የሚበቃ አዲስ ድር አስሮ ነበር፤ ገና ይሄዳል በተባለ ጊዜ። ከአንድ ሺህ በላይ ክር ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ቀለበት፣ ከዚያ በየራሱ ጥርስ፣ በተራው ያልፋል። አንዱ ተራውን ከሳተ ልብሱ ልብስ አይሆንም። ይህን ከባዶ የሚጀምር ሸማኔ የለም። ሸማኔ የጨረሰውን ልብስ ሲቆርጥ የአሮጌውን ድር ጭራ ቀለበቱ ውስጥ ይተወዋል፤ የአዲሱን ድር ክር አንድ በአንድ ከዚያ ጭራ ጋር በጣቱ ይቀጥልና ይስበዋል። ፈለቀ እንዲያ እየቀጠለ የመጣው ድር አባቱ የጀመሩት ነው፤ ከጨንቻ እስከ ጉለሌ ቀለበቱ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ባዶ ከሆነ፣ እንደ እሱ ያለ ሰው እንኳ ክሩን መልሶ ለማሾለክ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ይህን ለአይዳ አላሳያትም። መወርወር ነው ያሳያት። ቅጥሉን እሷ ሳትነቃ፣ ጎህ ሲቀድ ነበር የሚሠራው፤ ለእንግዳ የሚታይ ነገር ስላልመሰለው።

ሁሉንም በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ፣ የተረፈውን ድር እንደ ጥቅል ጎመን አድርጎ አስሮ ሳሎን አስገባው። አይዳ ሻንጣው ውስጥ አስተካክላ ዘጋችና በሚዛኗ አነሳችው።

«ሃያ አራት ከዘጠኝ መቶ!»

«ሃያ ሦስት ነው የሚፈቀደው!» አዲሳለም ሻንጣውን ከፈተችው። «አንድም ጋቢ አላወጣም፤ እያንዳንዱ ገዢ አለው።» እጇን ሰድዳ ጥቅሉን አወጣች፤ ከቀለበቶቹ የሚወጣውን ክር እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቷ ያዘች። «ይሄ ሁሉ ምንድነው? ክር ተሸክመን ነው እንዴ ኢስታንቡል የምንሄደው? ጥጥ አገር ነው እኮ! ያውም ጥላሸት ነክቶታል፤ ያሳፍራል። ቁረጪና ጣይው፤ እዚያ አዲስ ነጭ ክር ትከቺበታለሽ።»

ሃያ ዓመት ልብስ የሸጠች ሴት ናት። ጥለቱን በዓይኗ ትለያለች፣ ድርና ማጉን በእጇ ዳስሳ ዋጋውን ትነግርሃለች፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ጉድጓዱ ጫፍ ቁጭ ብላ ልብሱ ከየት እንደሚጀምር አላየችም። ምን አደከማት? የሚያይላት ሰው ነበራት።

አይዳ መቀሱን አነሳች። ከዚያ ቆም አለች። «ጋሽዬ» አለች፣ «ይቆረጣል እንዴ?»

ፈለቀ ልጅቷን አያት። ፊቷ ላይ ተንኮል የለም፤ የሰጧትን የለበሰች ልጅ ናት። አይቆረጥም ማለት ይችላል። አንድ ቃል ነው። ያን ቃል ለሠላሳ አምስት ዓመት ሲናገረው ኖሯል፤ አይሆንም፣ እንዲህ አይያዝም፣ ይበላሻል፣ ልሥራላችሁ። ቀና ሲል ከሙሉቀን ዓይን ጋር ተጋጨ።

ሙሉቀን ከሶፋው ተነስቶ ነበር። መቀሱን እያየ ነው። እሱ ያውቃል። እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ድረስ ከፈለቀ ጎን ተቀምጦ ያን ክር በትንንሽ ጣቶቹ የቀጠለው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ገና ጨንቻ ሳሉ በስህተት ቆርጦት ከአባታቸው አለንጋ ፈለቀ ነበር ያዳነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ያኔ ዓይኑ ወረደና ከካፖርቱ የደረት ኪስ ብቅ ያለውን የፓስፖርት ጫፍ አየ። እዚያው ላይ ቀረ። አፉን ገጠመ።

«እናትሽን ስሚ» አለ ፈለቀ።

አይዳ ቆረጠች። ከሥሩ ነው የቆረጠችው፣ ቀለበቶቹን ታክካ፣ በሁለቱም በኩል፤ ከዚያ እንዳይጎተት ብላ የቀረውን ጭራ በጣቷ አንድ ላይ ጠቅልላ መዘዘችው። ሺውም ክር በአንድ ጊዜ፣ እንደ ፀጉር፣ ያለ ድምፅ ወጣ። ቀለበቶቹ ባዷቸውን ተንጠለጠሉ።

«ሃያ ሦስት! ልክ ሃያ ሦስት!» አለች አዲሳለም ሚዛኗን ከፍ አድርጋ፣ እልል አለች።

ታክሲው ሲመጣ ውጭው ደብዘዝ ብሎ ነበር። ሻንጣዎቹን ፈለቀ ራሱ ጫነ። አይዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና «ጸልይልኝ ጋሽዬ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ» አለችው። «እጅሽማ አይንቀጠቀጥም» አላት፤ እውነቱን ነው። አዲሳለም ከመኪናው ውስጥ ሆና «ይግቡ ጋሼ፣ ይበርድዎታል!» አለች። መኪናው በኮብልስቶኑ እየተንገጫገጨ ቁልቁል ወረደ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ከተራራው የሚወርደው ንፋስ የተቆረጠውን ክር ከደጃፉ እያነሳ በግቢው ይበትነዋል። ሙሉቀን ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መኪናው ገና ዋናውን አስፋልት አልያዘም፤ ተመለሱ ቢላቸው አሥር ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

«አይዳ መልሳ ማሾለክ አታውቅም» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«አንተ ታውቃለህ» አለ ፈለቀ።

የስልኩ መብራት የሙሉቀንን ፊት ለትንሽ ጊዜ አበራው። ከደወለ ሚስቱ ለምን ቀድመህ አልተናገርክም ትለዋለች፤ መልሱም ወንድሙ ደረት ኪስ ውስጥ ነው ያለው። አውራ ጣቱ ቁጥሩ ላይ አንዣበበ። ፈለቀ አልለመነውም፣ አልከለከለውም፤ የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ ይቆልፍ ጀመር። የመጨረሻውን ሲቆልፍ የስልኩ መብራት ሳይደወልበት ጠፋ።